ቦርከና ዳር የፈታሁት ጨርቅ

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣት የጉዞ ፎቶዎቹን በስልኩ አሳየኝ። ከጓደኞቹ ጋር የቦርከናን ሸለቆ ጎብኝቶ መምጣቱ ነው። ጥንታዊዎቹን መቃብሮችና የፈራረሰውን የድንጋይ ካብ እያገላበጠ ሲያሳየኝ ቆይቶ ወንዙ ላይ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ሄደው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ» አልኩና ስልኩን መለስኩለት።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኔና ጓደኛዬ ዮናስ ትምህርት ጨርሰን የማትሪክ ውጤት እንጠብቃለን። ደሴ ውስጥ «ጴንጤ» እየተባልን በሚሳቅብን ሰፈር ስላደግን ነው መሰለኝ፣ በእምነታችን ቁጡዎች ነበርን፤ እልኸኞች ማለት ይሻላል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ የምንወደው ታሪክ ነበርና አንድ የሐምሌ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ከዚያ ወንዙን ተከትለን በእግር ሄድን። ስንነሳ ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ በጥቁር ደመና ተሸፍኖ ነበር። ሸለቆው ውስጥ ግን ፀሐይ ነው፣ ማሽላው ለምልሟል፣ ጭቃው ከጫማችን አልላቀቅ ይላል። ዝናቡን ደሴ ትተነው የመጣን መሰለን። ደሴ ላይ የዘነበ ሁሉ በቦርከና ወደዚህ እንደሚወርድ ማን አስታውሶ!

ሸህ ሰይድ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ማሳቸው ዳር አገኙንና ሥራቸውን ትተው አስጎበኙን። ዐረብኛ የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች በእጃቸው እየዳበሱ «ማን እንደሆኑ አላህ ነው የሚያውቀው። አያቴም ሲወለዱ እዚሁ ነበሩ አሉ» አሉን። ቤታቸው ወስደው የማሽላ እንጀራ በእርጎ አበሉን። ጓዳ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። እናቱ ዘሀራ የእሳቸው ልጅ ናት፤ ገበያ ሄዳለች።

«የአስር ሶላት ልስገድ። እናንተ ወንዙን እዩ፤ ብቻ እንዳትገቡ» አሉን።

ወንዙ ዳር፣ ከመቃብሮቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ቅርንጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል።

«አየህ?» አለ ዮናስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛፍ ያመልካሉ።»

ለእኛ ዛፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ከአድባር ሌላ ትርጉም አልነበረውም። እንጀራቸውን በልተን ገና አፋችንን እንኳ ሳንጠርግ፣ ምንድነው ብለን አልጠየቅናቸውም። ወጥቼ ፈታሁትና ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የወንዙ ድምፅ ተለወጠ። ውሃው ቀላ፤ ሣርና ጭራሮ ይዞ መውረድ ጀመረ። ሰማዩ ግን አሁንም ብራ ነው። የዮናስ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት አህያ እየነዳች ብቅ አለች። ዳር ቆማ ወደኛ አየች። ወደ ላይ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ወደኛ አየች። የምትፈልገው ነገር እንዳለ ገባኝ።

ሸህ ሰይድ እየሮጡ መጡ። «ጨርቁስ? ጨርቁ የት ሄደ? ዘሀራ! ቁሚ! እንዳትገቢ!»

ለካ ጨርቁ የመሻገሪያ ምልክት ነበር። በየክረምቱ ደለሉ መሻገሪያውን ስለሚቀይረው፣ ሸህ ሰይድ ራሳቸው ገብተው በዱላ ለክተው ያስሩታል፤ ከማዶ የሚመጣ እሱን አይቶ ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ዘሀራ የአባቷን ጩኸት አልሰማችም። የሚጠባ ልጅ ቤት ትታለች፤ ውሃው ደግሞ እየጨመረ ነው። ገባች።

መሃል ስትደርስ ከነአህያዋ ሰጠመች። አህያውን ውሃው ወሰደው። እሷን ከእኛ በታች፣ በእኛው በኩል አንድ ቁጥቋጦ ያዛት። ሸህ ሰይድ ጋቢያቸውን ወገቤ ላይ አሰሩ፤ እሳቸውና ዮናስ ጫፉን ይዘው እኔ ገባሁ። እንዴት እንደጎተትናት አላውቅም። ዳር ላይ በደረቷ ተኝታ ውሃ ስታስመልስ ብቻ ትዝ ይለኛል።

«ንፋስ ወስዶት ይሆናል» አሉ ሸህ ሰይድ ባዶውን ቅርንጫፍ እያዩ። ከዚያ ሁለት እጆቼን ያዙ። «ያ ረቢ! እናንተን ባያመጣልኝ ዛሬ ልጄ አልቃ ነበር። አላህ ውለታህን ይክፈልህ።»

ዮናስ አየኝ። እንድናገር እየጠበቀ ነው። እኔ ግን «አሜን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ዮናስ ተመልሰን እንንገራቸው እያለ ስንት ጊዜ ወተወተኝ። ምን ይጠቅማል እያልኩ አዘገየሁት፤ ሸህ ሰይድ ይኸኔ በሕይወት አይኖሩም። ጨርቁን የፈታሁት ባለማወቅ ነው፣ ልጅ ነበርኩ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አሜን ያልኩት ግን አውቄ ነው።