በአሮጌ ካርታ የሰበሰብኩት ፊርማ

ኮምቦልቻ ውስጥ የፍሳሽ ቱቦ ሊቀበር ነው በተባለ ጊዜ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነዋሪውን የማስረዳትና የስምምነት ፊርማ የመሰብሰብ ሥራ ተሰጠኝ። ሥራውን ያገኘልኝ ደሴ አንድ ክፍል የተማርን ጓደኛዬ ነው፤ የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ነበር። ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ሰሞን ደውሎ «ነገ ነይ፣ ላንቺ የሚሆን ነገር አለ» ሲለኝ እናቴ ስሙን እየጠራች መርቃዋለች። ጠዋት ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እሱ ስለ ቁፋሮው ያስረዳኛል፤ እኔ እንደ ተማሪ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

ሰፈሩ ከቦርከና ወንዝ ብዙም አይርቅም። በየዓመቱ አዲስ ቤት ይሠራበታል፤ ሽንት ቤቱ ግን ያው ጉድጓድ ነው። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ እየሞላ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይወርዳል። በዚህ ሰበብ ለዓመታት የተኮራረፉ ጎረቤቶች ነበሩ። ስለዚህ ቱቦውን የሚጠላ አልነበረም፤ የተፈራው ቁፋሮው ነው።

«አጥሬን ያፈርሱብኛል?»

«ቀብር ቢኖርብን ሬሳ በየት እናወጣለን?»

መሐንዲሱ የሰጠኝን ካርታ መሬት ላይ እዘረጋና ሰማያዊዋን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አሳያቸዋለሁ። ቱቦው በመንገዱ መሐል ነው የሚያልፈው። የማንም ግቢ አይነካም። በየደጁ መሸጋገሪያ ሳንቃ ይደረጋል። ይህን ስል እኔ ራሴ ደስ ይለኝ ነበር።

ያም ሆኖ ሁሉም ዓይኑ አንድ ሰው ላይ ነበር። እኒህ ሰው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሙስሊም አባት፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከቤታቸው ፊት፣ መንገዱ ዳር፣ በቆርቆሮ የሠሯት ጠባብ ክፍል አለቻቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ውሏቸው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ሱሪ የሚያሳጥረውም፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ምክር የሚፈልገውም እዚያ ይመጣል። እሳቸው ካልፈረሙ ሌላው እንደማይፈርም ገብቶኛል።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርታውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይችን ክፍሌን አይነኩብኝም?»

«አይነኩም አባባ።»

«ወላሂ በይ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። «እሽ፣ በራስሽ እምነት ማይ።»

«ማርያምን፣ አይነኩም!» አልኩ።

«በቃ፣ አምኜሻለሁ ልጄ» ብለው ፈረሙ። በዚያው ሳምንት የቀሩት ሁሉ ፈረሙልኝ።

ቁፋሮው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጠዋት ወደ ሰፈሩ ስገባ የክፍላቸው ቆርቆሮ ላይ ትልቅ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። ከእሳቸው ጎን ባሉት ቤቶች አጥር ላይም እንደዚሁ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ቀለሙን ያያሉ።

«ተሳስተው ነው» አልኳቸውና ቀለም ወደሚቀባው ፎርማን ሮጥኩ።

ፎርማኑ ምንም አልተቆጣም። የራሱን ካርታ አውጥቶ አሳየኝ። መስመሩ የመንገዱን መሐል ትቶ የቤቶቹን ፊት ተከትሎ ይሄዳል። «መንገዱ ወደፊት አስፋልት ስለሚሆን ቱቦው ወደ ዳር ወጥቷል» አለኝ። ታች ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አየሁት። እኔ የመጀመሪያውን በር ከማንኳኳቴ ሁለት ወር በፊት የጸደቀ ነበር።

መሐንዲሱን ቢሮው አገኘሁት። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታስፈርሚያቸው ነበር?»

«በፍጹም!»

«አየሽ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «አንቺ ስትዋሺ ፊትሽ ላይ ያስታውቃል። ሰዉ እንዲያምንሽ መጀመሪያ አንቺ ማመን ነበረብሽ።»

ለዚያ ሥራ የመረጠኝ ስለሚያዝንልኝ ይመስለኝ ነበር። በየጠዋቱ ሚኒባስ ውስጥ ያስረዳኝ የነበረው እንደተሻረ የሚያውቀውን መስመር ነው። ከመውጣቴ በፊት እሱ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ውኃ አቀረበልኝ። ጠጣሁት፤ እስከ ዛሬ ለምን እንደጠጣሁት አላውቅም።

ከዚያ ወደ ሰፈሩ ተመልሼ ለሽማግሌው የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አላወቅኩም ነበር ብዬ ለመንኳቸው። የስፌት መኪናቸውን አቁመው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እርስዎ እኮ ማርያምን ብለው ነው ያስፈረሙኝ» አሉኝ።

ልጃቸው የምሆነውን እኔን አንቱ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ የእኔንና ከፎርማኑ ለምኜ ያመጣሁትን ካርታ ይዤ ተነሳሁ። ያስፈረምኳችሁ በተሻረው ነው፣ ትክክለኛው ይህ ነው ብዬ ሁለቱንም ለሰዉ አሳየሁ። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ «ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ። አንዲት እናት ከኋላ ተነስታ «ትጨርስ! እስካሁን የነገረን የለም» አለች። መሐንዲሱ እስክጨርስ ድረስ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። በማግስቱ የሥራ መታወቂያዬን እንድመልስ ተነገረኝ።

መስመሩ ወደ መሐል አልተመለሰም። ሰፈሩ ግን ምትክ ሳይሰጥ አንድ ቆርቆሮ አይነሳም ብሎ ቁፋሮውን ለሳምንታት አስቆመው፤ በመጨረሻም ለሽማግሌው ገበያው አጠገብ ሌላ ክፍል ተሰጣቸው። የድሮዋን ሲያፈርሱ ላግዛቸው ሄጄ ነበር። አንድ ቆርቆሮ ላነሳ ስጎነበስ «ይተውት፣ ይደክምዎታል» አሉኝ። ቆሜ ሌሎች ሲያነሱ አየሁ።

ዛሬ ቱቦው ይሠራል። ክረምት ሲገባ ሰፈሩ አይሸትም፤ የተኮራረፉትም ታርቀዋል። ሽማግሌው አዲሱ ቦታ ላይ ደንበኛ እንደራቃቸው ሰማሁ። ገበያው ውስጥ ጊዜ ኖሮት ወሬ ሊያወራ የሚቀመጥ የለም።

መሐንዲሱን ባለፈው ደሴ ፒያሳ አገኘሁት። ምንም እንዳልተፈጠረ ጉንጬን ሊስም ጎንበስ አለ። ሌላ ሰፈር ሥራ ሊጀመር መሆኑን ነገረኝና፣ «እንዳንቺ ሰው የሚወደው አላገኘንም፣ ለምን አትመለሽም?» አለኝ። ከልቡ ነበር የሚለምነኝ፤ ይህ ከሁሉም በላይ አናደደኝ። ትቼው መንገዱን ተሻገርኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።