የዘካሪያ ስልክና የሐረጎ መታጠፊያ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ ዘካሪያን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። የስፌት ማሽን ክር ሲበጥስ፣ መርፌ ሲሰብር፣ ወይ ጭራሽ ዝም ሲል የሚጠራው እሱ ነው። በሙያው ክፉ የሚያነሳው ሰው አልሰማሁም። ክፉ የሚወራበት በሞተሩ ነው። የሰፈሩ የሆጤ እናቶች ገና ከላይ ድምፁን ሲሰሙ የተሰጣ በርበሬያቸውን ይሸፍናሉ፤ ዶሮው እንኳ ጥጉን ይይዛል። "ኧረ ምን ያስቸኩልሃል?" ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ "ኮምቦልቻ ማሽን ቆሟል።" አይ ዘካሪያ! የቆመው ማሽን ነው እንጂ የሰው ልብ አይደለ፤ ሐኪም እንኳ እንዲህ አይሮጥም።

ሐረጎን የሄደበት ያውቀዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ እዚያ ላይ ይጠማዘዛል፤ አንዱን መታጠፊያ ተገላገልኩ ሲሉ ሌላው ይቀበላል፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል። ጤነኛ ሰው እዚያ ሲደርስ ቢስሚላህ ብሎ፣ ወይም አማትቦ፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዘካሪያ ቢስሚላህ ይልና ይጨምራል።

የሚስቱ የዘይቱና ወንድም ውዱ፣ አንዱ እግሩ ያጠረው እዚያው ሐረጎ ላይ ከሞተር ወድቆ ነው። አሁን የሚኖረው እነሱ ጋ ነው። ጠዋት ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ዘካሪያ ሞተሩን ሲያስነሳ እግሩን ዘርግቶ ያሳየዋል። ንግግር አያበዛም። ዘካሪያም "የሱ ጎማ እኮ አልቆ ነበር" እያለ ይወጣል።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በራዳር ተያዘ። ሁለቱንም ጊዜ የያዘው ሳጅን ጋሹ የሚባል፣ ጥላ የሚወድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ትራፊክ ነው። ሁለተኛው ቀን ዘይቱና አልጮኸችም። ነጠላዋን ለበሰችና አባቷ ሸህ ይመር ጋ ሄደች። በሐሙስ ዱዓ ላይ፣ ጀመዓው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ሸህ ይመር አማቻቸውን አስነሱት።

"ልጄ፣ ውዱን አንድ ጊዜ ከገደል አውጥቼዋለሁ። አርጅቻለሁ፤ አንተን ለማውጣት ጉልበት የለኝም። ምን ትላለህ?"

ዘካሪያም "ሦስተኛ ከተያዝኩ፣ ወላሂ፣ ሞተሬን እሸጣለሁ" አለ።

አለ እንግዲህ! ሸህ ይመር ፊት፣ ጀመዓው መሐል ወላሂ ብሎ መዋጥ የለም። ሞተሩ ከተሸጠ ያንን ሁሉ የመሥሪያ ብረት ተሸክሞ በሚኒባስ መንከራተት ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ፣ ሥራው ቢቀር ሌላ ሥራ ይገኛል፤ ሰውየው ሞተሩን ይወደዋል። ጁምዓ ጁምዓ በገዛ ፎጣው ነው የሚወለውለው።

ጊዜው መንግሥት ኢንተርኔቱን ሲዘጋ ሲከፍት ከርሞ የከፈተበት፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ተሃድሶ እየተባለ በየአዳራሹ የሚሰበሰብበት ዓመት ነው። የዘካሪያ እህት ሱዓድ ከጅዳ ሁለት ስልክ ላከች፤ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለዘይቱና። ዘካሪያ የራሱን ይዞ ሰኞ ገበያ ወንድምአገኘሁ ስልክ ቤት ሮጠ። ወንድምአገኘሁም አንድ መተግበሪያ ጫነለት።

"ይሄ መንገድ ይመራሃል። ትራፊክ ካለ ደግሞ ቀድሞ ይጮህልሃል" አለው።

"እሱ በምን ያውቃል?"

"ሰው ነው የሚነግረው። ትራፊክ ያየ ሰው ካርታው ላይ በጣቱ ይነካል፤ ከኋላ ለሚመጣው ስልኩ ይጮህለታል። ምልክቱ ግን ውሎ አያድርም፤ በየቀኑ ያየ ሰው እንደገና መንካት አለበት።"

ዘካሪያ ተደመመ። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው የመብራቱን ወግ ነበር። ከታች የሚመጣ ሹፌር መብራቱን ብልጭ ካደረገልህ ፊት ለፊት ትራፊክ አለ ማለት ነው፤ አንተም በተራህ ለሌላው ታደርጋለህ፤ የማያደርገውን ሹፌር ሻይ ቤት ያሙታል። አሁን ግን መብራት ምን ያደርግለታል? ስልኩን በጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ አስሮ የራስ ቁሩ ውስጥ፣ ጆሮው ሥር ሸጎጠው። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እሱ ከምትለው ውስጥ የሚለየው ቀኝ፣ ግራና "ፖሊስ" የሚሉትን ብቻ ነበር። እሱም በቂው ነው።

መንገድ መምራቷ ግን ጉድ አፈላ። አንድ ቀን ኮምቦልቻ አትጠገብ የምትባል አዲስ ደንበኛ ጠራችውና ስልኩን ተከትሎ ሄደ። ቀኝ አለችው፣ ዞረ። ግራ አለችው፣ ገባ። ድንኳን ውስጥ። ለቅሶ ነው። አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው ቀና ብሎ አየው። እንግዲህ ለቅሶ ቤት ደርሶ ሞተር አዙሮ የሚመለስ ወሎዬ ከየት ይመጣል? ሞተሩን አቆመ፣ የራስ ቁሩን አወለቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄዶ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፣ በላ። የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ጉልበቱ ላይ ያለው የራስ ቁር ግን በእንግሊዝኛ መናገሩን አላቆመም።

"ማናት እሷ?" አሉት አጠገቡ የተቀመጡ እናት።

ዘካሪያ ሌላ መላ ቢያጣ "ዘመድ ናት፣ ከውጭ አገር። እያጽናናቻችሁ ነው" አለ።

እናትየው ወደ ራስ ቁሩ ጎንበስ አሉና "አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ መንገዱ ርቆብሽ ነው" አሏት።

ማታ ይሄንን ለዘይቱና ሲነግራት በሳቅ ሞተች። እሷ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ትወርዳለች፤ ዘካሪያ የሚወርደው ረፈድ ሲል ነው። ሳቁ ሲያልፍላት ግን ስልኳን አመጣችና ያንኑ መተግበሪያ ጫንልኝ አለችው። ጫነላት። አነካኩንም እንደ ትልቅ ምሁር አስረዳት።

"ታዲያ የሚነካው ያየ ሰው ብቻ ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"ያላየማ ምን ብሎ ይነካል?" አለና ሳቀባት።

ከዚያ በኋላ ነው ተአምሩ የጀመረው። ዘካሪያ ሐረጎ አናት ላይ ሲደርስ የስልኩ ሴት "ፖሊስ" አለች። ፍሬን ያዘ። መታጠፊያውን ዞረ፤ ማንም የለም። ትንሽ እንደወረደ እንደገና "ፖሊስ"። አሁንም ማንም የለም። ውዱ የወደቀበት መታጠፊያ ጋ ሲደርስማ ሁለት ጊዜ አከታትላ ጮኸች። እንደዚያ እንደዚያ እያለ፣ አህያ የጫነ ገበሬ እየቀደመው፣ ኮምቦልቻ ገባ። በማግስቱም ያው። በሳምንቱም ያው። ዘካሪያ አንድም ትራፊክ አላየም፤ አለማየቱ ግን ይበልጥ አስፈራው። "ተደብቀው ነው" አለ። "አዲስ ዘዴ አምጥተዋል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ናቸው።" ቁጥቋጦውን ሲያልፍ፣ ለማንኛውም ብሎ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ መስጠት ጀመረ። ወላሂ፣ ለቁጥቋጦ!

ጠዋት ጠዋት ቀድሞት ወርዶ ያንን ሁሉ ትራፊክ የሚጠቁመው ሰው ማን ይሆን? ይሄ ሐሳብ ያዘው። የሰው ውለታ የማይረሳ ሰው ነውና ሻይ ቤት ሹፌሮቹን እየዞረ ጠየቀ። የአይሱዙዎቹም የሚኒባሶቹም ሹፌሮች እኛ አይደለንም አሉት። በመጨረሻ በሐሙሱ ዱዓ ላይ ተነሣ።

"አባ፣ ስሙን የማላውቀው አንድ የሐረጎ ወዳጅ አለኝ። በየቀኑ ከመያዝ ያድነኛል። ለእሱ ዱዓ ይደረግልኝ።"

ሸህ ይመር እጃቸውን ዘረጉ። "ያ አላህ፣ ይህን የማናውቀውን ሰው ከሩቅም ከቅርብም ጠብቀው። ያሰበው ይሙላለት። ዕድሜ ስጠው።"

ጀመዓው "አሚን" አለ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ "አሚን" አለች፤ ዘካሪያ ዘወር ብሎ ሲያይ ዘይቱና ናት። ሚስቴ እኮ ደግ ናት፣ አለ በሆዱ። በየሐሙሱ ይኸው ዱዓ ይደረግ ጀመር።

ኋላ ዘይቱና በብርድ ታመመች። ትኩሳቱ ሲጠናባት ፋብሪካውን አስፈቅዳ ቤት ተኛች። በማግስቱ ዘካሪያ ሐረጎ አናት ላይ ደረሰ፤ ስልኩ ዝም። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ፈራ ተባ እያለ አለፈ፤ ዝም። ሁለተኛውን አለፈ፤ ዝም።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። "ትራፊኮቹ ተሃድሶ ገቡ።"

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይነገራል? የከረመበትን ሁሉ በአንድ ቁልቁለት ሊያወጣው ነዳጁን ሰጠው። ሞተሩ ጮኸ፣ ሸሚዙ ከኋላው ተነፋ። ከታች አንድ አይሱዙ እየተጎተተ ሲወጣ መብራቱን ብልጭ አደረገለት። ሰውየው ደገመው፤ እንዲያውም እጁን በመስኮት አውጥቶ ቀስ በል አለው። ዘካሪያ አዘነለት። ምስኪን፣ ስልክ የለውም ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ።

ከሥር ሳጅን ጋሹ ራዳሩን ይዞ ዋርካ ጥላ ሥር ቆሟል።

"መንጃ ፈቃድ" አለ፣ እንደልማዱ ድምፁን ሳያነሳ።

ዘካሪያ የራስ ቁሩን አውልቆ ስልኩን አወጣ። "ሳጅን፣ ስልኬ እኮ ምንም አላለም!"

"ምን እንዲል ነበር?"

ቢጨንቀው ሁሉንም ዘረገፈው፤ በየመታጠፊያው ስላሉት ትራፊኮች፣ በየቁጥቋጦው ስለሰጠው ሰላምታ። ሳጅን ጋሹ አዳምጦ ሲጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። "ሰማህ ወንድሜ፣ እኛ ሥልጠና ገብተን ከርመን የተመለስነው ገና ዛሬ ነው። ሐረጎ ላይ ሰው አልነበረንም። አንተ ሰላም ያልከው ማንን እንደሆነ እኔ አላውቅም" አለና ቅጣቱን ጻፈ።

ዘካሪያ ወደ ደሴ ሲመለስ ሞተሩን እየነዳ አልነበረም፤ እየተሰናበተ ነበር። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሲያወጣ ሲያወርድ መጣ። ያየው የለም። ሳጅን ጋሹ ሆጤ አይመጣም። ዝም ቢልስ? ወላሂ ያለው ለሸህ ይመር ነው፤ ሸህ ይመር ደግሞ ራዳር የላቸውም። ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ውዱ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ዘካሪያ ዓይኑን ሰብሮ ገባ፤ ዝም ለማለትም ወሰነ።

ዘይቱና ፊቷ በትኩሳት ቀልቷል። ሲገባ ስታየው ከላይ እስከ ታች መረመረችው፣ እጁን እግሩን፣ ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ተነፈሰች። ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠችው።

"ነገም መሄድ የምችል አይመስለኝም። ይሄን ይዘህልኝ ሂድ።"

"ምን ላድርግበት?"

"ሐረጎ ስትደርስ ቆም እያልክ ንካልኝ። ከላይኛው መታጠፊያ ጀምር። ውዱ የወደቀበት ጋ ሁለቴ ንካ።"

"ምን ብዬ ነው የምነካው?"

"ትራፊክ አለ ብለህ ነዋ።" ዓይኗን ጨፈነች። "ካልተነካ አንተ አትቀንስም እኮ።"

ዘካሪያ ስልኳን ይዞ ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ምልክቱ የሚያስፈራራው እሱኑ ሆኖ ሳለ እሱኑ ልታስነካው መሆኑን ትኩሳቱ አስረስቷታል። ከዚያ ግን ጎህ ሲቀድ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ አንቀላፍቶ እሷ ብቻዋን ገደል ገደሉን እያየች በየመታጠፊያው ስትነካ ታየችው። የሐረጎ ወዳጁን በሹፌሮች መሐል ሲፈልግ የከረመው እሱ ጅሉ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ዘይቱ፣ ዛሬ ተይዣለሁ" አላት።

ዓይኗን ገለጠች። እጁን ያዘችው። "ልትደብቀኝ ትችል ነበር" አለች።

"ልደብቅሽ ነበር።"

"እንግዲያው ይሸጣል" አለች፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።

ተሸጠ። የገዛው ሰው ሲያስነሳው ዘካሪያ ፎጣውን ጨምሮ ሰጠው፤ ውዱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ አሳለፋቸው። አሁን ባልና ሚስት አብረው በሚኒባስ ይወርዳሉ። የብረቱ ሻንጣ ዘካሪያ ጭን ላይ ነው፤ ረዳቱም ለሻንጣው ሒሳብ ካልከፈልክ እያለ በየቀኑ ይጨቃጨቀዋል።

የመጀመሪያው ቀን ሐረጎ ላይ ሲደርሱ ዘይቱና ስልኳን አወጣች። ላይኛው መታጠፊያ ላይ ነካች። ቀጥሎ ያለውም ላይ ነካች። ዘካሪያ አያትና ጎኗን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

"ኧረ አንቺ ሴት፣ ሞተሩ እኮ ተሸጧል። አሁን ደግሞ ለማን ነው?"

ዘይቱና ቀና አላለችም። ውዱ የወደቀበት መታጠፊያ እየደረሰ ነበርና ሁለት ጊዜ ነካች።

"የሌላዋስ ባል አይወርድም?" አለችው።

ዘካሪያ በመስኮቱ ወደ ገደሉ ተመለከተ፤ ከዚያ ረዳቱ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አሚን" አለ።