ሐጂ ሰይድ እግራቸውን የዘረጉለት ሰው

ዛሬ ከጅዳ ወደ መካ ስነዳ «ሙስሊም ላልሆነ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ታፔላ አጠገብ መኪናዬን አቁሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። መካ ነካሳ ሰፈር የሚኖሩት አጎቴ ሐጂ ሰይድ ልባቸው ደክሞ መካ ሆስፒታል ተኙ። ምትክ ልብ እስኪገኝ ወደ ጅዳ ሆስፒታል ተዛውረው መጠበቅ ነበረባቸው።

ያቆያቸው ማሽን ነው። በእግር ደም ሥር የገባች ፊኛ ልባቸው አጠገብ እየተነፋችና እየሟሸሸች ታግዛቸዋለች። የሚነፋት ፍሪጅ የሚያህል ሣጥን ነው። ሱብሃነላህ ያሰኛል!

ሣጥኑ ከጅዳ መካ ሲገባ ሃይማኖቱን የጠየቀው የለም። የሚያንቀሳቅሰው የጅዳው ሆስፒታል ባለሙያ፣ ወሎዬው ተክሌ ግን ክርስቲያን ነውና ታፔላው ሥር ቀረ።

ሐጂን ይዘን በአምቡላንስ ስንመለስ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ነርሱ ቢነካካውም ዝም አልል አለ። እኔ ሊሞቱ ነው ብዬ ሸሃዳ ማስባል ጀመርኩ።

ታፔላው ጋ ስንደርስ ተክሌ ዘሎ ገባና ብርድ ልብሱን ገለጠ።

«ሐጂ! እግርዎን አጥፈዋል እኮ! ቱቦው ታጠፈ!»

«ታዲያ ሰው ፊት እግሬን ዘርግቼ ልተኛ? ነውር አይደል እንዴ ልጄ?»

«ጨዋነትዎ ሊገድልዎ ነው! ይዘርጉ!»

ዘረጉ። ጩኸቱ ቆመ።

በመጨረሻ ልብ ተገኘላቸው፣ ዳኑም። ከዚያ በኋላ ተክሌን ምሳ የሚጋብዙት እዚህ ታፔላ ሥር ነበር። ሥጋው እንዳይለያያቸው ዓሣ በሩዝ ነው።

ምንጣፉ ላይ እግራቸውን እስከ ጫፍ ይዘረጋሉ። እኔ ስመጣ ግን ወዲያው ይሰበስባሉ።

እናንተስ፣ ያለ ይሉኝታ እግራችሁን የምትዘረጉት ማን ፊት ነው?