«ይሰማል» ያለው ሰውዬ

በሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ገና በወጣትነቱ ነው። የስልክ ማዞሪያው ያኔ ግድግዳ የሚያክል የብረት ሳጥን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ይውላል። እሱ ደፍ ላይ ቆሞ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «የመድኃኒት ቤቱ መስመር ታሟል» ይላል። ሳጥኑ ሲከፈት እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲበላሽ «ጆሮን ጥሩልኝ» ሆነ ነገሩ።

ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ግን ቀኝ ጆሮው ይከዳው ጀመር። አንዳንድ ጠዋት በር እንደተዘጋበት ቤት ድፍን ብሎ ይነሣል፤ ሲያዛጋ ወይም ምራቁን ሲውጥ ይከፈትለታል። ቆይቶ ግራውም የቀኙን መንገድ ተከተለ። ባለቤቱ ማታ ማታ «ኧረ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርገው! ጎረቤት ዜና የሚሰማው ከእኛ ቤት ሆነ እኮ» ትለዋለች። እሱ ይስቅና ነገሩን በቀልድ ያልፈዋል። ሐኪም ቤት ውስጥ እየዋለ ለአንድም ሐኪም ትንፍሽ አላለም። ስሙም እንጀራውም ጆሮው ነበርና፣ ደንቆረ የሚለው ወሬ አንዴ ከወጣ በማግስቱ የጡረታ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው ይመስለው ነበር።

በዚህ መሀል የማዋለጃ ክፍሉ ስልክ ሞተ።

ማዋለጃው ከዋናው ሕንፃ ተለይቶ ከአትክልቱ ጀርባ የቆመ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የእጅ ስልክ ውስጡ አይሠራም፤ ማውራት የፈለገ እስከ ግቢው በር መውጣት አለበት። የውኃ ቧንቧ የሚቀይሩ ሰዎች አፈሩን ሲቆፍሩ የስልኩን ገመድ በዶማ በጠሱት። ጆሮ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሲያየው የተረፈውም እርጥበት በልቶት እጅ ላይ ይፈረፈራል። ለአሮጌው ማዞሪያ ደግሞ መለዋወጫ የሚሠራ ፋብሪካ ከቀረ ቆይቷል።

ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ሲናገር የሚቸኩል፣ ሲያዳምጥ ደግሞ እስክሪብቶ የሚያሽከረክር። «ጋሼ፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ አለ አይደል? ማዋለጃው ኢንተርኔቱ በአየር ይደርሰዋል። አንድ ነገር ይሞክሩልኝ» አለው።

ጆሮም መሞከር ጀመረ። መጀመሪያ ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ አሮጌ የኢንተርኔት ማከፋፈያ ሳጥን አወጣና የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም ጫነበት። ሁለት ሰው ሲያወራበት ሸጋ ነበር፤ ሦስተኛው ሲጨመር ድምፁ እየተቆራረጠ ሁሉንም ተንተባታቢ አደረጋቸው። ቀጥሎ የመጫወቻ ካርታ የምታክል፣ ሽፋን የሌላት እርቃኗን ያለች ኮምፒውተር ገዛ። እሷ ድምፁን ጥርት አድርጋ ታደርስ ነበር፤ ግን እንደ ምጣድ ትግላለች፤ መብራት አንዴ ድርግም ብሎ ሲመለስ ደግሞ የተጻፈባትን ሁሉ ረስታ ቁጭ አለች። በመጨረሻ ወፍራም የብረት ልብስ ያላት፣ የሳሙና መያዣ የምታህል ሳጥን አገኘ። ማራገቢያ የላት፣ ጩኸት የላት፤ ከጎኗ ባትሪ አስቀመጠላት። መብራቱን ደጋግሞ አጠፋ፣ ገመዷን ነቀለ፤ ሳጥኗ ንቅንቅ አላለችም።

ከማዞሪያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጣት እትዬ ሃሎ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት። እትዬ ሃሎ የሆስፒታሉ ኦፕሬተር ናት፤ ዕድሜዋን ሁሉ «ሃሎ» ስትል የኖረች፣ ጡረታ ሊደርስላት ጥቂት የቀራት፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት።

«ይቺ ናት እኔን የምትተካው?» አለች።

«አንቺንማ ማን ይተካል፣ እትዬ። ገመዱን ነው የምትተካው።»

«ምን አልክ? ጮክ በል።»

«ጮክ ብዬ ነው ያወራሁት!»

«አዎ፣ እኔም እሱን ልልህ ነው። ሰሞኑን ትጮሃለህ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ጆሮ የሳጥኗን ገመድ መሰካት ቀጠለ።

የሙከራው ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ማዋለጃው ድረስ አብሮት መጣ። ኮሪደሩ ላይ ጨቅላዎች ይጮኻሉ፤ በመስኮቱ ሥር ቧንቧ የሚቀይሩት ሰዎች የውኃ መሳቢያ ሞተራቸውን አስነሥተው ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ጆሮ አዲሱን ስልክ አነሣና ማዞሪያ ደወለ። ጠራ። ተነሣ፤ መነሣቱን የስልኩ መስኮት አሳየው። «እትዬ፣ ከማዋለጃ ነው» አለ።

ዝም።

ስልኩን ወደ ግራ ጆሮው አዞረ። ዝም። ምራቁን ዋጠ፣ አዛጋ፤ ምንም የለም። የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ እሱም በአጥንቱ ይሁን በጆሮው አልለየለትም። ጠዋት ሲነሣ ጆሮው እንደተዘጋ ነበር። «በቃ፣ ጨርሶ ሄደ ማለት ነው» አለ በልቡ።

«ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» አለ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ። ይህን ከከንፈሩ ነው ያነበበው።

ቢያንስ የክፍሉን አዋላጅ ጠርቶ «እስኪ አንቺ ስሚው» ማለት ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ? ለምን ራስህ አትሰማውም ብትለውስ?

«ይሰማል» አለ። ወደ ስልኩም «ጥሩ ነው፣ ይሰማል» ብሎ ዘጋው። ሥራ አስኪያጁ ጨበጠው። ከወዲያ ያለችው እትዬ ሃሎም የእሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ስለደረሳት፣ «ይሰማል» ሲላትም በጆሮዋ ስለሰማች፣ ስለሳጥኗ የነበራት ጥርጣሬ ሁሉ ለቀቃት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጆሮ ማዞሪያ ክፍል ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ጆሮው ጠዋት ተከፍቶለት ትንሽ ቀለል ብሎታል፤ እትዬ ሃሎ የምታወራውን ሁሉ ይሰማል። እንደዚያም ሆኖ ያቺ የትላንቷ ዝምታ ውስጡን ትበላዋለች። «ቆይ እንጂ፣ ዛሬ እንዲህ የሚሰማ ጆሮ ትላንት እንዴት አንድ ቃል እንኳ…» እያለ ገና ሐሳቡን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። የማዋለጃው ነው። እትዬ ሃሎ እጇ በወረቀት ተይዞ ስለነበር በድምፅ ማጉያው ከፈተችው።

«ማዞሪያ! ሃሎ!» የአዋላጇ ድምፅ ነው፤ ይቆራረጣል፤ ያቆራረጠው ግን ትንፋሿ እንጂ መስመሩ አልነበረም። «ደም ባንክ አልመልስ አሉኝ! ይነሣል፣ ዝም ይላሉ! ሴትዮዋ እየፈሰሳት ነው!»

«ሰምቼሻለሁ! የምን ዓይነት ደም ልበላቸው?» አለች እትዬ ሃሎ።

«ሃሎ! ማዞሪያ!»

«እዚህ ነኝ! እዚሁ ነኝ እኮ!»

«ኧረ በፈጠራችሁ! ሰው የለም እንዴ?»

እትዬ ሃሎ ቀስ ብላ ወደ ጆሮ ዞረች። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ትላንት እዚያ ሆነህ» አለችው፣ «ሰምተኸኛል?»

«አልሰማሁሽም።»

«ታዲያ ይሰማል ያልከው…»

«ጆሮዬ መስሎኝ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የምትለው ነበራት። አሁን ግን ዓይኗን ከእሱ ነቅላ አንገቷን ወደ ድምፅ ማጉያው ደፋች። አዋላጇ ስልኩን አልዘጋችውም፤ ተስፋ ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ ጥላዋለች። የሚሮጥ እግር ይሰማል፤ ብረት ከብረት ይጋጫል። «ጨርቅ! ሌላ ጨርቅ አምጪ! እዚህ ላይ ያዢ፣ እንዳትለቂ!» ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ለአየሩ የምትጮህ ይመስል፣ «ኦ ኔጋቲቭ! ዶክተሩን የሚጠራልኝ ሰው ይጥፋ!»

«ኦ ኔጋቲቭ ብላለች» አለች እትዬ ሃሎ። «እኔ ዶክተሩን በአሮጌው መስመር እጠራለሁ። ለደም ባንክም አሁኑኑ እነግራለሁ። አንተ ሩጥ!»

ሮጠ። ደረጃውን እንዴት እንደወረደው አያውቀውም። የደም ባንኩ ሠራተኛ ሳጥኑን ይዞ በር ላይ ቆሟል። «ሁለቴ ደወለችልኝ! ‹የምን ዓይነት› እያልኩ እጠይቃታለሁ፣ ትዘጋብኛለች!» እያለ ሰጠው። ጆሮ ቀዝቃዛውን ሳጥን ደረቱ ላይ አቅፎ በአትክልቱ መሀል ቆርጦ፣ ጉድጓዱን ዘሎ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ዶክተሩ በሌላው በር ከፊቱ ሲገባ አየው። አዋላጇ ሳጥኑን ከእጁ መነተፈችው። እጇ እስከ ክንዷ ደም ነው።

«ለምንድን ነው የማትመልሱልኝ?» አለችው። መልሱን ግን አልጠበቀችም፤ በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ቀረ። ከበሩ ጀርባ የዶክተሩ ድምፅ ይሰማል፤ አጭር፣ ቁጣ የሌለበት፣ እሱ የበለጠ ያስፈራል። ጆሮ በሩ አጠገብ ወዳለው የኮሪደሩ ጠረጴዛ ሄደ። ስልኩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አንሥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ዝም። አሁንም ዝም። ከዚህ በኋላ ጆሮውን ማመን አልፈለገም። የክፍሉን ኮምፒውተር ከፍቶ ሳጥኗ ስለምትልከው ድምፅ የምትጽፈውን ተመለከተ። ከማዋለጃ ወደ ዋናው ሕንፃ የሚሄደው ድምፅ እንደ ውኃ ይፈሳል። ከዋናው ወደ ማዋለጃ የሚመለሰውም ከሳጥኗ በደንብ ይወጣል፤ ነገር ግን የሚላክበት አድራሻ እዚህ ድንጋይ ቤት ውስጥ ብቻ የሚታወቅ፣ ከውጭ ማንም የማያገኘው አድራሻ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኢንተርኔት ተቀባይ ሳጥን የቤቱን ስልክ ከጀርባው ደብቆ ይዞታል። ድምፁ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ጥፋቱ ከጆሮው አልነበረም። ይህን ሲያውቅ ግን እፎይ አላለም። እንዲያውም ባሰበት፤ ጆሮው ትላንት እውነቱን ነግሮት ኖሯል።

የግድግዳውን ሳጥን ምንም ሳይደብቅ ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ አድርጎ አስተካከለው። ስልኩ ጠፍቶ ተነሣ። ማዞሪያ ደወለና የምታልፈውን የጽዳት ሠራተኛ አስቆማት።

«እህቴ፣ እባክሽ ይህን ያዢና የሚሉሽን ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስልኩን ተቀበለች። «አንዲት ሴትዮ እየተቆጡ ነው» አለች።

«ምንድን ነው የሚሉት? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«‹ደሙ ደረሰ ወይ፣ ያ ጆሮ የት ገባ› ነው የሚሉት። የማን ጆሮ ነው የጠፋው?»

«ደርሷል በያቸው» አለ ጆሮ።

በሩ የተከፈተው ከብዙ ጥበቃ በኋላ ነው። ዶክተሩ ጭንብሉን አውልቆ «ቆሟል። ትተርፋለች፤ ልጁም ደህና ነው» አለ፤ ለማን እንደተናገረ ግን አይታወቅም፤ ኮሪደሩ ላይ ጆሮና የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበሩ። እሷ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የሆስፒታሉ ጸጥታ ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው። ጆሮ ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተና ጭቃማ ጫማው ላይ ተቀመጠ።

ጆሮ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሄደው ሳይጠራ ነው። ሁሉንም ነገረው፤ የጆሮውንም፣ የ«ይሰማል»ንም። ወጣቱ እስክሪብቶውን ማሽከርከር ተወ።

«ጋሼ፣ ጆሮ ይደክማል። በዚያ ማን ይወቅስዎታል? እኔን የሚያንገበግበኝ አጠገብዎ ቆሜ መጠየቄ ነው። አልሰማሁም ቢሉኝ ኖሮ ስልኩን እኔ እቀበልዎት ነበር እኮ!»

ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ተቀበለ። ወደ ጆሮ ሐኪም ሲላክ ባለቤቱ አብራው ሄደች፤ እሱ የሚያሳጥረውን እሷ እያስረዘመች ለሐኪሙ ተናገረችለት። ቀኙ የማይመለስ ሆኖ ተገኘ። ለግራው ማዳመጫ ተሠራለት። መጀመሪያ ያደረገው ቀን የገዛ ጫማው ድምፅ አስደነገጠው።

ከሥራው አልተባረረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ብቻውን የሞከረው ስልክ የለም። የሳጥኗ መስመር ለላቦራቶሪው ሲገባም፣ ለቀዶ ሕክምናው ሲገባም፣ ስልኩን የሚያነሣው የክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ እትዬ ሃሎ ከወዲያ የመጣላትን ትናገራለች፤ የሰማው ሰው ቃል በቃል ይደግማል። ካልደገመ አልተሞከረም።

አዋላጇ ግን ቶሎ አልታረቀችውም። ሳምንታት ሙሉ ሰላምታውን በግማሽ አንገት ነበር የምትመልሰው፤ እሱም አልከፋውም። ማዋለጃው ሁለተኛ ስልክ የሚገባለት ቀን ገመዱን አያይዞ ስልኩን በሁለት እጁ ሰጣት። እሷም ተቀበለችው። አዳመጠች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታና ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች።

«እትዬ ምን አለችሽ?» አላት ጆሮ። «መድገም አለብሽ እኮ፤ ሙከራው እንደዚያ ነው።»

«ይሄ አይደገምም» አለችው፤ «ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።»