ነጠላና ጅልባብ በካሜራ ፊት

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ ጅጅጋ ውስጥ ከእናቴ ጋር የምንኖርበት ግቢ የኤዶ ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ አከራያችንን የምንጠራቸው እንዲህ ነበር። ኤዶ የሚኮሩባት አንዲት ነጭ ፍየል አለቻቸው። የጠዋት ሻሂያቸው ያለ እሷ ወተት አይጠጣም። ጥቁሯ ግልገሏ ደግሞ ሌሊቱን ለብቻዋ ታድራለች፤ አለዚያ ጠዋት የሚታለብ ነገር አይተርፍም። የግልገሏን ማደሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። እናቴ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ሸቀጥ ስታመጣ ዕቃው የታሸገበትን ጣውላ ሰብስቤ፣ በሚስማር መትቼ፣ መቀርቀሪያ ያለው ሳጥን አደረግሁት። ጣውላው ስላላዳረሰኝ አራርቄ ነበር የመታሁት። ለአየር ጥሩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ሰሞን የፍየሏ ጡት ጠዋት ጠዋት ባዶ መገኘት ጀመረ። ግልገሏ በሳጥኗ ውስጥ፣ መቀርቀሪያው እንደተዘጋ። ፍየሏም በቦታዋ። ሌሊት ነቅተው የሚያድሩት ደግሞ ዘበኛችን ብቻ ናቸው፤ ሁላችንም አዴር፣ አጎቴ እንደማለት፣ የምንላቸው ሽማግሌ።

«ወተቱ ብቻውን ተነስቶ አልሄደም» አሉ ኤዶ በግቢው መሀል ቆመው። «እስከ ጁምዓ ካልታወቀ፣ ወላሂ፣ ሌላ ዘበኛ እፈልጋለሁ።»

አዴር ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤዶ የሚልኩላቸውን ሻሂ መጠጣት ተዉ። ብርጭቆው እንደሞላ ይመለሳል። እኔን ደግሞ ከትምህርት ሳመሽ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሳላስበው «ካሜራ እንግጠም» አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ እሷ ትምረጥ» አሉ ኤዶ። ስለ ካሜራ የማውቀው ነገር ግን አልነበረም።

ከመሀል አገር የመጣው የሰፈራችን ባለሱቅ ሁለት የካሜራ ካርቶን አወጣልኝ። ሁለቱም ላይ ሉክስ የሚል ቃል ከቁጥር ጋር ተጽፏል። ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ካሜራው ባነሰ ብርሃን ያያል ማለት ነው። ይህን ባለሱቁ በደንብ አስረዳኝ። እኔም በጣም ትንሹን ቁጥር መረጥኩ።

«ጎበዝ ተማሪ!» አለኝ። ደስ አለኝ።

ቤት ስደርስ በቀን፣ የዕቃ ማስቀመጫውን በር ገርበብ አድርጌ ፈተንኩት። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ጥግ ላይ ቆመች። በስልኬ ላይ የነጠላዋ ጥለት ቀለም ሳይቀር ወለል ብሎ ታየ።

«አየሽኝ እንዴ?» አለችኝ።

«እንደ ፎቶ ቤት ነው የምትታዪው፣ እማ!»

ካሜራውን ወደ ፍየሏ ጥግ አዙረን ሰቀልነው። በማግስቱ ጠዋት ተሰብስበን የተቀረጸውን አየን። አዴር ሲዘዋወሩ የጭስ መስመር ይመስላሉ። ነጯ ፍየል ከሳጥኑ አጠገብ ቆማ ትታያለች፤ ሳጥኑ ግን ድፍን ጨለማ ነው። ኤዶ ጎህ ሳይቀድ ለማለብ ሲመጡ ደግሞ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍናቸው ጥቁር ጅልባባቸው ጨርሶ ጠፋ። አንድ እጅና አንድ የማለቢያ ቆርቆሮ ብቻቸውን በአየር ላይ ሲሄዱ አየን።

«እኔ የት ሄድኩ?» አሉ ኤዶ። ጡቱም እንደገና ባዶ ነበር።

ያኔ ነው ካርቶኑን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት። በትንንሽ ፊደል፣ ያ ቁጥር የተገኘው ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ዓይኑን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ሲቆይ መሆኑ ተጽፏል። ዝም ብሎ የቆመ ነገር ጥሩ ይወጣል፤ የሚንቀሳቀስ ይደበዝዛል። እኔ ደግሞ የፈተንኩት ያገኘውን ብርሃን ሁሉ በሚመልስ ነጭ ነጠላ፣ ያውም ንቅንቅ እንዳትይ ባልኳት እናቴ ነው። የእኛ ቤት ወተት ሌባ ነጠላ ለብሶ እንደማይመጣ ማሰብ ነበረብኝ።

ካርቶኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ባለሱቁ ጭንቅላቱን አከከ። «ተከፍቷል እኮ፣ እህቴ። ለጎረቤት ብዬ ነው» ብሎ ሁለተኛውን ሰጠኝ። ይኼኛው ቁጥሩ ተለቅ ያለ ነው፤ ከጎኑ ግን ኢንፍራሬድ ሲበራ ዜሮ ሉክስ ይላል። ለዓይናችን የማይታይ የራሱ መብራት ስላለው የሌላ ብርሃን አያስፈልገውም ማለት ነው። ቀለም አይኖረውም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ።

በዚህኛው ፈተና እናቴን አስቀርቼ ኤዶን ለመንኳቸው። የዕቃ ማስቀመጫውን በር ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና «ወዲያ ወዲህ ይበሉልኝ» አልኩ። ስልኩን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። በዚያ በማይታይ ብርሃን ጥቁሩ ጅልባብ ነጭ ሆኗል።

«ይቺ ሙሽራ ማን ናት?» አለች እናቴ በትከሻዬ ላይ አሻግራ እያየች። ኤዶ ወጥተው ምስላቸውን ካዩ በኋላ፣ አንዴ እንደገና ልግባ አሉ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከጁምዓ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ አዴርን ጭምር ጠርተን ቀረጻውን ከፈትን። አዴር ዘንጋቸውን ይዘው ሲያልፉ ፊታቸው ሳይቀር ይለያል። እልፍ እንዳሉ ፍየሏ ተነሳች። ወደ ሳጥኑ ሄደች፤ ዞረችና ኋላዋን ወደ ጣውላው አስጠጋች። በሰፊው ክፍተት ሁለት ዓይኖች እንደ ባትሪ ቦግ አሉ፤ ከዚያ አንድ ትንሽ አፍ ብቅ አለና ጡቱን ያዘ።

«ሌባዋ እስር ቤት ሆና ነው የምትሰርቀው!» አለች እናቴ።

«በሉ እንግዲህ ጣቢያ ውሰዷት» አሉ አዴር። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አናጢዋንም ጭምር።»

እፍረቴን ይዤ መዶሻ ፍለጋ ገባሁ። በየክፍተቱ ተጨማሪ ጣውላ ስመታ ዋልኩ፤ ግልገሏ ቁጭ ብላ ሥራዬን ትቆጣጠር ነበር።

ዓርብ ጠዋት ቆርቆሮው ሞላ። ኤዶ ሻሂውን በሰው አልላኩም። ራሳቸው ብርጭቆውን ይዘው እስከ በሩ ሄዱና ለአዴር ሰጥተው ቆሙ። አዴር አንዴ ብርጭቆውን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። ቀስ ብለው እስከ አተላው ጠጡትና ባዶውን መለሱላቸው።

«ስኳር አንሶታል» አሉ።

ኤዶ እየሳቁ ሁለተኛ ብርጭቆ ሊያመጡ ተመለሱ።