የአንሙት ተራ

አንሙት አዳሙ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ረግቶ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ስብሰባ ላይ ጉልበቱን ያርገበግባል፣ እስክሪብቶ ይፈታታል፣ ተነሥቶ መስኮት ይከፍታል፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይዘጋዋል። «አንተ ሰው፣ ጉንዳን ገብቶብሃል?» እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ደብረ ማርቆስ ዳር ባለው የእርሻ ምርምር ላቦራቶሪያችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ እኔ ደግሞ የግዥ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ የዚያን ዓመት ነገር በደንብ አውቀዋለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረውንም ጭምር።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። ለላቦራቶሪው ሰርቨር እንዲገዛ ተፈቀደ። ሰርቨር ለማያውቀው፣ ሰው ከየክፍሉ ሆኖ ከባድ ስሌት የሚልክበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ምርጫው ሁለት ነበር፦ ወይ ለአራቱ የሥራ ክፍሎች አራት ትንንሽ፣ ወይ ለሁሉም አንድ ትልቅ። ኃላፊያችን ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ አራቱን ወደዱ። «ለየራሱ የሰጡት ሰው አይጣላም» አሉ። እኔም ልቤ ከእሳቸው ጋር ነበር። በአንዲት የጋራ ማተሚያ ማሽን ስንት ሰው እንደተኳረፈ አይቻለሁና።

አራቱ ቢገዙ ከሁሉ የሚጠቀመው ደግሞ አንሙት ነበር። በዲፕሎማ ተቀጥሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። የመጀመሪያ ዲግሪውን በማታ ጨርሶ ሁለተኛውን ቅዳሜና እሑድ እየተማረ እዚህ ደርሷል። የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ዝናቡን ከስንዴ ዋግ ጋር የሚያገናኝ ስሌት ይፈልጋል፤ የእሱ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ አልቻለውም። ጊዜው ሁለቴ ተራዝሞለታል። የመጨረሻው ቀን ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ካለፈ ስሙ ይሰረዛል፣ የስንት ዓመት ልፋት ገደል ይገባል። ከአራቱ ትንንሾች አንዱ እሱ ክፍል ይቀመጥ ነበር፤ ለስሌቱም ከበቂ በላይ ነው።

ሰውዬው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዞ ከክፍል ክፍል ሲንቀዠቀዥ ከረመ። ማን ምን ያህል መረጃ አለው፣ ስሌቱ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ኮምፒውተሩ የት ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ እያለ ሰው ያሰለቻል። የስብሰባው ዕለት፣ እንደ ልማዱ ቆሞ፣ ደብተሩን ዘረጋ።

«የእድላዊት ሥራ ከአራቱ በአንዱም አይገባም» አለ። «ብትጠብቅም አይገባም። ትልቁን ከገዛን ሁላችንም እንጠብቃለን፤ የሚቀር ሰው ግን የለም።»

እድላዊት የድንች በሽታ የምታጠና ወጣት ተመራማሪ ናት። ያኔ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም፤ ለራሷ መከራከር አታውቅም ነበር። አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ዶክተሩ ደብተሩን ተቀብለው አገላበጡና «እንግዲህ አንዱን እንግዛ። ጠቡን ግን አንተ ትዳኛለህ» አሉት።

«ጠብ የለም፤ ተራ በተራ ነው» አለና የአገሩን ሥርዓት አመጣ። አባቱ ጋሽ አዳሙ አምበር አካባቢ የውኃ አባት ናቸው፤ በበጋ የመስኖውን ውኃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍሉ ሰው። እዚያ ሕጉ አንድ ነው፦ የውኃ አባት የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ከሁሉ በኋላ ነው። አለበለዚያ ማን ያምነዋል? ይህን ሲነግረን ሁላችንም ደስ አለን፤ ከባዕድ አገር የመጣ ዕቃ ድንገት የእኛ ሆነ። በአንድ ድምፅ የሰርቨሩ አባት አደረግነው። «ተራ አስከባሪው የመጨረሻውን ተራ ይይዛል፤ መብራት ያቋረጠበት ሰው ተራው አያልፍበትም» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ።

ሰርቨሩ ሚያዝያ ላይ ገባ። ሁለት ከባድ ሥራ ባንድ ጊዜ ሲጫንበት እንደሚታነቅ ቶሎ ስላየን ተራው በጥብቅ ተያዘ። አንዱ ጨረሰ፣ ሌላው ጨረሰ። ከአንሙት በፊት የቀረችው እድላዊት ብቻ ሆነች፤ ሥራዋ አሥራ አራት ቀን ይፈጃል። ሰኔ ሁለት ጀመረች፣ ሰኔ አሥራ ስድስት ትጨርሳለች። አንሙት ለስሌቱ ሦስት ቀን፣ ለጽሑፉ ደግሞ አራት ቀን ይበቃዋል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እያልሁ እቀልድበት ነበር፤ እሱም ጣቶቹን እየቆጠረ «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ይለኛል።

ሰኔ አሥራ ሦስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ መብራት ጠፋ። የሰርቨሩ መጠባበቂያ ባትሪ አርባ ደቂቃ ያዘ፤ መብራቱ የመጣው አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። የእድላዊት የአሥራ አንድ ቀን ስሌት ከንቱ ቀረ። እንባዋ እየመጣ ከዜሮ ጀመረች፤ የሚያልቀው ሰኔ ሃያ ሰባት ሆነ። አንሙት ደግሞ እስከ ሰኔ ሃያ ሦስት ካልጀመረ አለቀለት።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው አላስቀምጥ አለን። ማሽኑ ወዳለበት ክፍል ይገባል፣ ጎኑን በመዳፉ ይዳስሳል፣ ይወጣል፤ ደጅ ዝናብ እየዘነበበት ቆሞ አገኘዋለሁ። ምሳውን አዝዞ ሳይቀምስ ይነሣል። እኔም የእሱ ነገር ተጋባብኝና ሁለት ደብዳቤ አሳስቼ ጻፍሁ። በመጨረሻ አንጀቴ አልችል አለና ጎትቼ አስቀመጥሁት።

«የልጅቱን ስሌት ቁረጠው!» አልሁት። «የይለፍ ቃሉ በአንተ እጅ ነው። ደግሞ መብራት ጠፋ ትላታለህ፤ ማን ያውቃል?»

«እትዬ አመተ ሥላሴ፣ እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉት?» አለኝና ወጣ። አፈርሁ፤ ግን ነገሩ በልቡ እንደገባ ዓይኑን አይቼ አውቄያለሁ።

እሑድ ሰኔ ሃያ ሁለት በሚኒባስ አምበር ወረደ። ሰኞ የሆነውን ነገረኝ። አባቱ ለዘር የሚሆን ጤፍ ሲያበጥሩ ደረሰና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «አባዬ፣ ከተራ ውጭ ውኃ ወስደው ያውቃሉ?» አላቸው።

«ኧረ ምን ያንቀዠቅዥሃል፣ ተቀመጥ» አሉት። ሲቀመጥላቸው «አንዴ ወስጃለሁ» አሉ። «አንተ ዘጠነኛ ክፍል በገባህበት ዓመት። ሽንኩርታችን ሲጠወልግብኝ የጎረቤታችንን የአገኘሁን ተራ ለግማሽ ቀን ወደኛ መለስሁት። የሱ ደረቀ።»

«ምን አለዎት?»

«ምንም። ይኸው እስከዛሬ ጠዋት ጠዋት ‹እንደምን አደርህ› ይለኛል። ሰላምታው ነው የከበደኝ፣ ልጄ።»

አንሙት ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ «አልቆርጠውም» አለ። ያ ሰኞ ሰኔ ሃያ ሦስት ነበር። ማምሻውን ከቢሮ ስንወጣ ስለ ዝናቡ አወራን እንጂ ሌላ ነገር አላነሣንም።

ዓርብ የእድላዊት ስሌት አለቀ። የታተመውን ወረቀት ታቅፋ እየሳቀች ቢሮዬ ገባች።

«እትዬ፣ ወጣልኝ! አሁን የጋሽ አንሙት ተራ ነው አይደል? የእሱስ ሥራ ለመቼ ነው የሚፈለገው?»

መዋሸት አቃተኝ። «ለሰኞ ነበር» አልኋት፤ ሁሉንም ነገርኋት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«እኔ ውጤቱን የማቀርብበት ጉባኤ እኮ ጥቅምት ነው!» አለች። «ስሌቱን ያኔውኑ አቋርጬ ተራዬን እሰጠው ነበር። ሐምሌ ላይ ብጀምር ምን እሆናለሁ? ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?» ከዚያ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለች። «እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሰርቆ መውሰድ ታስቦኛል፤ እሱ ደግሞ ችሎ መቅረት ታስቦታል። አፍ ያለን ሁለት ሰዎች ሆነን፣ አንዷን ልጅ መጠየቅ ግን ለሁለታችንም አልመጣልንም። እሱን ይሉኝታ ያዘው፣ እኔ ደግሞ የሰው ነገር ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እድላዊት ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ ሮጠች፤ ተከተልኋት። አንሙት ማሽኑ ክፍል ቆሞ ስክሪኑን ያያል። የራሱን ስሌት አስነሥቶታል፤ የሚያልቀው ሰኞ ማታ ነው።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለችው።

«ተራሽ ነበራ» አላት።

«ታዲያ አሁን ለምን ታስኬደዋለህ? አይደርስልህም እኮ! ማን ይቀበልሃል?»

ዞር ብሎ አያት።

«ማንም» አለ። «ግን አሁን የእኔ ተራ ነው።»