እጁን ያላነሣው ሰው

ይህ የሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ጊንጪ ስንኖር፣ በገና ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ብዙ ዓመት አልፏል። ነገር ግን በጉባኤ መካከል ሰው ሁሉ እጁን አንሥቶ ሲጸልይ እኔ አንድ ዓይኔን ከፍቼ ዙሪያዬን አያለሁ። ምክንያቱን ለባለቤቴና ለልጆቼ እንጂ ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም።

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች በየዓመቱ የጌታን ልደት በድራማ ያሳያሉ። በፊተኛው ዓመት መልአኩ የገባው በጎን በር ነበር። ጭቃ በያዘ ኮንጎ ጫማ ሲገባ ሕዝቡ ሳቀ፤ እረኞቹም አብረው ሳቁ። ድራማውን የሚመራው ወንድም ታደለ መምህር ነው፤ ያ ሳቅ ከልቡ አልወጣለትም። "ዘንድሮ መልአኩ ከላይ ይወርዳል። መልአክ በር አያንኳኳም" አለ።

ያን ሰሞን አዳራሹ የአናጢ ቤት መሰለ። እኛ እናቶች አቡጀዲ እያገጣጠምን ሰፋንላቸው። እነርሱ ኖራ በሰማያዊ ቀለም በጥብጠው ቀቡትና የሌሊት ሰማይ አደረጉት። ከዋክብቱ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ የብር ወረቀት ነበሩ፤ ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም። አምፖሎቹን ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ከተቱ። ነጎድጓዱ ቆርቆሮ ነው፤ ሁለት ልጆች ከመጋረጃ ኋላ ይዘው ያርገፈግፉታል። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነው ሲሞክሩት እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

መልአክ የሚሆን ቀላል ልጅ ተፈለገ። የእኔ ሌንሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ከሲታ ናት። ታደለ ሲጠይቀኝ "ጸልዬ ልመልስልህ" አልኩት። ከእርሷ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። እሺም እምቢም ሳልል ልጅቷ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራ ጨረሰች።

"አዮ፣ እኔ እኮ ልበር ነው" አለችኝ። አዮ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ወንድም ታደለ።"

 ጸለይኩና እሺ አልኩ።

እርሷን የሚያወርዱበት ገመድና ፑሊው፣ ማለት ገመድ የሚዞርባት የብረት ጎማ፣ የጋሽ ሸምሱ ነበር። ሸምሱ ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነው። ጆንያውን ወደ ቆጥ የሚያወጣው በዚያ ገመድ ነበር። ታደለ ሊዋሰው ሲሄድ እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ገመዱን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

"መልአካችሁ ስንት ኪሎ ነው?" አለ ሸምሱ።

"ሃያ ቢሆን ነው" አለ ታደለ።

"እና ምን ያስፈራችኋል? ይኼ ገመድ በርበሬ በኩንታል ያወጣል።" ወደ እኔ ዞረ፤ ሴትን በአክብሮት ሲጠሩ አዴ ይላሉ። "ችግሩ፣ አዴ፣ የእናንተ ፕሮግራም ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይታወቅም። እኔ ደግሞ በበዓሉ ማግስት ጠዋት ጭነት ይመጣብኛል። በዕለቱ መጥቼ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ልጅቷ እንደወረደች ፈትቼ እወስዳለሁ።"

እንዳለውም በገና ቀን መጣ። ከመጋረጃው ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ገመዱን ቀና ብሎ አየው።

"ኧረ ገመዴን ቀለም ቀባችሁት!"

"ሰማዩ ላይ እንዳይታይ ነው፣ ጋሼ" አለ አንዱ ወጣት።

"ነገ በርበሬዬ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ አንተ ትገዛኛለህ?"

ወጣቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የፈረስ ጠፍር በሸራ ላይ ሰፍቼ ከሌንሳ ነጭ ቀሚስ ሥር አስሬላት ነበር። ቋጠሮውን ነካሁ፤ ተውኩት፤ ደግሜ ነካሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፑሊው ከጣራው ወራጅ ላይ ታስሯል። ሌንሳ በመሰላል ወጥታ ከአቡጀዲው ሰማይ በላይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ትቆማለች። የገመዱ አንድ ጫፍ በጠፍሩ ላይ ታስሯል፤ ሌላው ጫፍ ከመጋረጃው ኋላ በሦስት ወጣቶች እጅ ነው። ነጎድጓዱ ሲሰማ ሳንቃውን ትለቃለች፤ እነርሱ ቀስ እያሉ ያወርዷታል። መሐል ላይ ቆማ ለእረኞቹ ቃሏን ትናገርና መልሰው ያወጧታል። ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረውት ነበር፤ ምንም አልሆነም።

አዳራሹ ሞላ፤ መስኮቶቹም በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። አባቷ ጤና ጣቢያ ተረኛ ስለነበር አልመጣም። እኔ ከገመዱ ሰዎች አጠገብ ቆምኩ። ቆርቆሮው ጮኸ፤ መብራቱ ሰማያዊ ሆነ፤ ልጄ ከሰማዩ ወጥታ መውረድ ጀመረች። ሕዝቡ "እህ!" ብሎ ትንፋሹን ያዘ። ቀሚሷ ተነፍቶ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ቀስ እያለች ትወርዳለች። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። አማረችብኝ።

ፊት ወንበር ላይ ከሸነን የመጡ እንግዳ ወንጌላዊ ተቀምጠው ነበር። ልጅ ከላይ እንደምትወርድ የነገራቸው አልነበረም። ሲያዩዋት ልባቸው ተነካ። ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ወገኖቼ!" አሉ በታላቅ ድምፅ። "እጃችንን አንሥተን ጌታን እናመስግን!"

በእኛ ጉባኤ እጃችሁን አንሡ ሲባል እጁን የሚያስቀር ሰው የለም። ከልጅነታችን የለመድነው ነው፤ እጅ ከሐሳብ ቀድሞ ይነሣል። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ "ሃሌ ሉያ" አለ፤ "ዋቃዮ፣ ዋቃዮ" እያለ በየፊናው አምላኩን መጥራት ጀመረ። የእኔም ዓይን ተጨፈነ። ከጎኔ የነበሩት ሦስቱ ወጣቶችም ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን አነሡ። ሦስቱም። ሁለት ሁለት እጃቸውን።

የሰማሁት የፑሊውን ፉጨት ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ገመዱ እንደ እባብ ወደ ላይ ይሮጣል። ሸምሱ ከአግዳሚው ተወርውሮ በሁለት እጁ ሲይዘው አየሁ። ገመዱ አልቆመለትም፤ በመዳፉ ውስጥ እያለፈ እርሱንም ጎተተው። ደረቱ ከፊቱ ካለው ምሰሶ ጋር ተጋጨ። እግሩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ገመዱ ቆመ።

በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። ሌንሳ ከወለሉ ከፍ ብላ ትወዛወዛለች። ሥሯ ሲሚንቶ ነው። ጠፍሩ ከወገቧ ተንሸራቶ ብብቷ ሥር ገብቷል፤ ሁለት እጆቿ ወደ ላይ ቀርተዋል። ከሕዝቡ ዓይኑን የገለጠውም ድራማው እንዲህ ነው ብሎ እልል አለ። ቆርቆሮ የያዙት ልጆች እልልታውን ሲሰሙ ተራችን ነው ብለው በሙሉ ኃይላቸው አርገፈገፉት።

"ያዙ!" ይላል ሸምሱ። "ኧረ ያዙ እንጂ! ሊያመልጠኝ ነው!"

ከእኔ በቀር የሰማው አልነበረም። ከኋላው ሆኜ ገመዱን ያዝኩ። እርጥብ ነበር። ቀለሙ መስሎኝ እጄን ሳየው ደም ነው። ገመዱ በደሙ እየተንሸራተተ በትንሽ በትንሹ ይሄድብናል። ብለቀው ልጄ ትወድቃለች፤ ባልለቀው ማንንም መቀስቀስ አልችልም። ጸሎት አልመጣልኝም። ከጎኔ የቆመውን ወጣት ቅልጥሙን በእግሬ መታሁት።

ዓይኑን ገለጠ። ገመዱን አየ፤ ባዶ እጁን አየ። ፊቱ አመድ ሆነ።

"ያዝ!" አልኩት።

እርሱ ሲይዝ ሁለቱም ነቁ። ሊያወጧት ሲስቡ ሸምሱ ጮኸባቸው። "አታውጧት! አውርዷት፣ ቀስ ብላችሁ!"

በዚያ መሐል ቆርቆሮው ዝም አለ፤ የሕዝቡም ድምፅ ዝቅ አለ። ያኔ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ፊቷ ወደ ሕዝቡ አልነበረም፤ ገመዱ አዙሯት ወደ አቡጀዲው ትመለከታለች። ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው።

"አትፍሩ" አለች።

ቃሏ ይኸው ነበር። የቀረውን አልጨረሰችም። እግሯ ሲሚንቶውን ሲነካ ቁጭ አለች። ታደለ ከወዲያኛው ጎን መብራቱን አጠፋው። በጨለማው ገብቼ አነሣኋት። ልቧ በቀሚሷ ላይ ይመታል።

"አዮ፣ ቶሎ ወረድኩ እንዴ?" አለችኝ።

"በሰዓቱ ነው የወረድሽ" አልኳት።

ሕዝቡ የሆነውን አላወቀም። ወንጌላዊው መዝሙር አስጀመሩ፤ ድራማውም ቀጠለ።

ሸምሱ እጆቹን በብብቱ ሥር ደብቆ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። አሳየኝ ስለው "ልጅቷን እዪ" አለኝ። ግድ ብዬ አየሁት። የመዳፉ ቆዳ ተገፏል፤ ቁስሉ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ገብቷል። ሌንሳን አዝዬ እርሱን አስከትዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለቤቴ እያጠበ ሲያክመው ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኩት።  ፋሻውን ጠምጥሞ ሲጨርስ ሌንሳን ከእኔ ተቀብሎ አቀፋት።

"ሁሉም በአንዴ እጁን ሲያነሣ እኔም ላነሣ ምንም አልቀረኝ" አለ ሸምሱ። "ግን ገመዱ የኔ ነው፣ ዓይኔ እርሱ ላይ ነበር።" ከዚያም፣ "ለመሆኑ ገመዴን ፈትቶ ያወረደው አለ?" አለ።

"ፕሮግራሙ ገና አላለቀም፤ ጠዋት እናመጣልሃለን" አልኩት።

"ብዬ ነበር!" ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ደረቱን አሞት አጎነበሰ።

እጁ እስኪድን ሦስቱ ወጣቶች ጭነቱን አራገፉለት። ከእነርሱ አንዱ ቤቴ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። አነሣሁት። በክፋት አላደረጉትም፤ የእኔም ዓይን ተጨፍኖ ነበር።

ነገር ግን ለእግዚአብሔር በተነሣ እጅ ልጄን ላጣት ነበር። ይህን ይዤ ብዙ ጊዜ ተንበርክኬአለሁ። ማብራሪያ አላገኘሁም። ያገኘሁት ሸምሱን ነው፤ በዚያች ደቂቃ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የነበረውን።

ዛሬ የምንኖረው አምቦ ነው። ሌንሳ አድጋ የራሷን ልጅ ታቅፋለች። ሸምሱ ሱቁን ሸጦ ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆይቷል፤ አድራሻውን አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ የልጆቼን ስም እጠራለሁ፤ ከእነርሱ ቀጥዬ የእርሱን። ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን ጌታ ያን ስም እንደሚያውቀው አምናለሁ።